ከል የዘገየበት በጋ

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ወደ ደባርቅ ስሄድ ሚኒባሱ ዳባት ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት ገብስ ይቆላ ነበር። ሽታው በመስኮቱ ሲገባ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። አጠገቤ የነበረው ወጣት ፊቴን አይቶ፣ «እናቴ፣ መኪና ያምዎታል እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ያመኛል» አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? የሠርጉ ዳስ ውስጥ ሆኜም እልልታው አልተሰማኝም። ስብሰለሰል የዋልኩት በአንድ በጋ ነው፤ ያ በጋ ከመጣብኝ ደግሞ ቶሎ አይሄድም።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰው ግድግዳም ይሰማል እያለ የሚያንሾካሹክበት ጊዜ። ወላጆቼ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር ያርሳሉ። እኔ ግን ደባርቅ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። አክስቴ ሴት ልጅ አልነበራትም፤ ትምህርት ቤቱም ከቤቷ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። አባቴ በበቅሎ አፈናጦ አምጥቶ፣ «በይ፣ ያንቺው ናት» ብሏት ሄደ። ትልቅም ትንሽም እታለም ይላታል፤ እኔም እታለም እላታለሁ።

ባሏ አያ ካሴ በበቅሎ ጨውና ገብስ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። ቤት ከመግባቱ በፊት በር ላይ «እህህ» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ራቁቷን የምትታጠብ ሴት ካለች እንድትሸፈን ነው አሉ፤ እኔ ግን ለእኔ ብቻ የሚነግረኝ ምልክት ይመስለኝ ነበር። ልጃቸው አስማማው ጎንደር አሥራ አንደኛ ክፍል ይማራል። አስሜ እንለዋለን። ለክረምት እረፍት ሲመጣ ጭቃው ጫማዬን እንዳይውጠው በጀርባው አዝሎኝ ነበር ወደ ገበያ የሚሄደው። ረጅም ነበር፤ ከእሱ ጀርባ ላይ ሆኜ ያየሁትን ያህል ደባርቅን ሰፊ አድርጌ አይቼው አላውቅም።

ከመስቀል በኋላ አስሜ ጎንደር ውስጥ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ታሰረ የሚል ወሬ መጣ። እታለም ገብስ ቆላች፣ ፈጨች፣ በሶውን በቅቤ አሸችና በቅል ሞላችው። አያ ካሴ ቅሉንና አንድ ጋቢ ይዞ በእህል መኪና ወረደ።

«ነገ ተነገ ወዲያ ይዤው እመጣለሁ» አለ ሲወጣ። «ልጅ ነው፣ ገርፈው ይለቁታል።»

አልመጣም። እሱንም እዚያው አስረው አስቀሩት። ከዚያ እታለም በተራዋ ስንቅ ታመላልስ ጀመር። ቅዳሜ ሄዳ እሑድ ትመለሳለች፤ እኔን ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ዘንድ ታስቀምጠኛለች። የማረሚያ ቤቱን በር አልፋ አታውቅም። ስንቁን በር ላይ ትሰጣለች፣ የባለፈውን ባዶ ቅል ትቀበላለች። ባዶው ቅል ሲመለስ ደስ ይላታል። «በልተውታል» ትላለች ለእትዬ ብርቄ፣ ቅሉን ገልብጣ እያሳየቻት። «ይኸው፣ ጥርግ አድርገው በልተውታል።»

ኅዳር ሲገባ አንድ እሑድ ከጎንደር ስትመለስ ቅሉ ሙሉ ነበር።

ከእትዬ ብርቄ ጋር ቤታችን ገባን። እታለም መደቡ ላይ ተቀምጣ ቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ነጠላዋን አላወለቀችም።

«ምነው እታለም? አልተቀበሉሽም?» አለች እትዬ ብርቄ።

«በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልጋቸውም አለኝ። አትልፊ አለኝ።»

እትዬ ብርቄ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና አፏን ከፈተች። ድምፅ ሳይወጣ እታለም ዘላ ተነሥታ በመዳፏ ከደነችው። ቅሉ መሬት ወደቀ፣ ግን አልተሰበረም።

«በእናትሽ አጥንት!» አለቻት። «ትንፍሽ እንዳትዪ። ያለቀሰ ከእነሱ ጋር ይቆጠራል ተብሏል። ይቺን ልጅ የት ጥዬ እታሰራለሁ?»

ሁለቱ ሴቶች እንደዚያ ቆሙ፤ አንዷ የሌላዋን አፍ ይዛ። እትዬ ብርቄ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ዓይኗ ፈጠጠ። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ።

እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። ስንቅ አያስፈልጋቸውም ማለት ጠግበዋል ማለት ነው። መንግሥት ራሱ ያበላቸው ጀመር ማለት ነው። ቅሉን ከመሬት አነሣሁና፣ «እታለም፣ እነሱ ከጠገቡ እኔ ልብላው?» አልኳት።

እትዬ ብርቄን ለቀቀቻትና መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች።

«ብዪው» አለች።

በላሁት። ቅቤው ረግቶ ጥርሴ ላይ ሲንኮሻኮሽ ዛሬም ይታወሰኛል። እታለም እስክጨርስ ከፊቴ አልተነሣችም። ጣቶቼን ስልስ ደግሞ፣ «ጣፈጠሽ?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

እኔ ሞትን አውቃለሁ ብዬ የማምን ልጅ ነበርኩ። በመንደራችን ሰው ሲሞት አይቻለሁ። መጀመሪያ ከጉብታው ላይ «ወየው!» ይባላል። ከዚያ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አሸርጠው በሰልፍ ያለቅሳሉ። አልቃሽ ትመጣለች። ራስ ይላጫል፣ ልብስ ተነክሮ ከል ይሆናል። ሞት ማለት ይህ ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ ከዚህ አንዱም አልሆነም። እታለም በማግስቱ ተነሥታ ደጅ ጠረገች። ስለዚህ ማንም አልሞተም።

ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ፣ «የእናንተ ሰዎች ተገድለዋል አሉ» አለችኝ።

«አልተገደሉም።»

«እናቴ ናት ያለች።»

«ታዲያ ለቅሶው የታለ?» አልኳት። «ሰምተሻል ሲለቀስ?»

አሰበች። እሷም ያደገችው በእኔው አገር ነው። «አልሰማሁም» አለች በመጨረሻ። «እንግዲያው አልሞቱም።» ተያይዘን ወደ ክፍል ገባን።

የአያ ካሴ በቅሎዎች ለእናት አገር ጥሪ ተብለው ስለተወሰዱ እታለም በበግ ጸጉር መኖር ጀመረች። ማክሰኞ ገበያ ጸጉር ትገዛለች፤ ወንዝ ወርደን እናጥባለን፤ ሲደርቅ እኔ ጭጎጎቱንና ጭራሮውን እለቅማለሁ፤ እሷ ነድፋ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ፈትሉን ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩ ሰዎች ትሸጣለች። ያ ጭጎጎት ጣቴ ላይ እየተጣበቀ ያስለቅሰኝ ነበር። እሷ ግን ሌላ ጊዜ «አይዞሽ» የምትለው ሴትዮ፣ አሁን ስነጫነጭ ዝም ብላ ከእጄ ትወስድና ራሷ ትለቅመዋለች። ቁጡም አልሆነች፣ ደግም አልሆነች። እንዲሁ ደከማት። ድካሙ እንደ ጉም ነበር፤ ጠዋት ከእሷ ጋር ይነሣል፣ ቤቱን ይሞላል፣ እኔም ውስጡ እሄዳለሁ። ወጡ ላይ ጨው ጨምራ ትረሳና እንደገና ትጨምራለች። በሩን ልትዘጋ ሄዳ መዝጊያውን ይዛ ትቆማለች። ጠርቼ ስመልሳት፣ «እ? ምን ልሠራ ነበር የመጣሁት?» ትላለች።

በየሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ልጅ ትቶ መሄድ ስለማይቻል እኔም እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከጎንደር የመጣ ካድሬ በከተማው ውስጥ ስለተደመሰሱ ፀረ አብዮተኞች ብዙ ተናገረና ግራ እጅ ተነሥቶ መፈክር ይባል ተባለ። እታለም ከሁሉ በላይ ጮኸች። የአንገቷ ሥር እስኪገታተር፣ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ፣ «ይውደም!» ሲባል «ይውደም!» አለች። ከፊት የተቀመጡት ዘወር ብለው አይዋት። እኔ ኮራሁ። እታለም ዛሬ ደስ ብሏታል፣ አያ ካሴና አስሜ ሊፈቱ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። መናገር እስክትችል ብዙ ቆየች። እንዲያ መጮኽ የተፈቀደላት እዚያ ብቻ እንደነበር የገባኝ ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው።

በደባርቅ ውስጥ በሕመም ወይም በዕድሜ የሞተ ሰው ሲኖር እታለም አትቀርም። ሄዳ ትቀመጣለች። ሌላው ሲንሰቀሰቅ እሷ ደረቅ ፊቷን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ሴቶቹ ይተያያሉ።

«በሰው ለቅሶ የራስሽን አልቅሺ እንጂ» አለቻት እትዬ ብርቄ አንድ ቀን፣ እኔ ጸጉር ስለቅም። «ማን ያውቅብሻል? ለሟቹ ይመስላል።»

«ሞከርኩ እኮ።»

«እና?»

«አልመጣም። ያን ዕለት መልሼ የዋጥኩት ነው መሰለኝ፣ የት እንደገባ ጠፋብኝ። ብርቄ፣ እንባ የሌለው ሰው ምን ይባላል?»

እትዬ ብርቄ ተነሥታ ጸጉሩን አብራን ትለቅም ጀመር።

በጾመ ነቢያት ውስጥ፣ ገብሱ ታጭዶ ወደ አውድማ በሚገባበት ሰሞን፣ እታለም የተከመረውን ፈትል ለአያ ይርዳው ልታደርስ ተነሣች። አያ ይርዳው ባና ሠሪ ነው፤ ቤቱ ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ጊች በሚያወጣው መንገድ ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። ትምህርት ስላልነበረ እኔንም ይዛኝ ወጣች። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። እሷ ፈትሉን አዝላለች፣ እኔ የውሃዋን ቅል ይዣለሁ። በመንገድ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ዳገቱ ላይ ቆም ስንል እሷ ወደ ታች፣ ወደ ጎንደር መንገድ ታያለች፤ እኔ ከገደሉ ማዶ ጦጣ እፈልጋለሁ።

መንደሩ ስንደርስ ለቅሶ ነው። የአያ ይርዳው እናት አርፈው፣ ሰዉ ቀብሯቸው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደጁን ሞልቶታል። ባልቴቷ ብዙ ዘመን ኖረው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ቆርበው ነው የሞቱት። ልብሳቸውና መቋሚያቸው በሰሌን ላይ ተዘርግቶ በመካከል አልቃሽ ቆማለች፤ ራሷን የተላጨች፣ ከሲታ ሴት።

እታለም ፈትሉን ከአጥሩ ሥር አስቀመጠች። እኔን፣ «እዚህ ቁሚ» አለችኝ። ነጠላዋን አደግድጋ ገባችና ከሴቶቹ ጫፍ ቆመች። አልቃሿ ለመጣው ሁሉ አንዳንድ ስንኝ ትሰጣለች፤ እያንዳንዱ የሚያዝንለትን ታውቃለች፤ በዚያ ትነካዋለች። እታለም ግን እንግዳ ናት። አልቃሿ አየቻት። ከፊቷ መጥታ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ አለች፦

«ከል ሳትለብሺ ዞረሽ በሆድሽ የያዝሽው፣
እህቴ ንገሪኝ ማን ነው ያልቀበርሽው?»

እታለም አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከዚያ የእሷ ያልመሰለ፣ ወፍራም፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ ድምፅ መጣ፦

«አባት ልጁን ሊያይ ስንቅ ይዞ ወረደ፣
ልጅም አልመጣልኝ አባትም ነጎደ።
አፈር አልመለስኩ ድንጋይ አላቆምኩ፣
ሁለት ሬሳ አዝዬ ገበያውን ዋልኩ።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አፈሩን በሁለት እጇ እየዘገነች፣ «ካሴ! አስማማው! ካሴዋ! ልጄዋ!» ትል ጀመር። ሴቶቹ እንደ ውሃ ገነፈሉ። የማያውቋትን ሴት ከበው፣ የማያውቋቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ ደረታቸውን ደቁ። አንዳንዶቹ ወንዶች ግን ፈሩ። ወሬው ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ለመንደሩ ጣጣ ነው የሚል ማጉረምረም ተሰማ። አያ ይርዳው፣ የራሱን እናት በዚያ ጠዋት የቀበረው ሰው፣ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ።

«ስሙኝ» አለ። «እናቴ ጠግባ ኖራ ሞተች። የእሷን ለቅሶ ተቀምጣ አትቆጥርም። የዚች ሴትዮ ሰዎች ይለቀስላቸው። የሚፈራ ቤቱ ይግባ፣ አልቀየመውም።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሹልክ ብለው ሄዱ። ሌላው ሁሉ ቆሞ አለቀሰ።

እኔ አጥሩን ይዤ ነደድኩ። ቃሉ ሌላ አይደለም፣ ነደድኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ አቆይታቸው፣ አሁን በአንድ ጩኸት ገደለቻቸው። ለቅሶ ባይኖር ኖሮ እኮ ይመጡ ነበር። አያ ካሴ በር ላይ «እህህ» ይል ነበር።

ለቅሶው በረድ ሲል ዓይናቸው የደከመ አንድ ቄስ እታለምን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ፍትሐት እናድርግላቸው። የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሏት።

«የባሌ ወልደ ሚካኤል ነው፣ አባ። የልጄ ገብረ ማርያም።»

ቄሱ መጽሐፋቸውን ገልጠው ለወልደ ሚካኤልና ለገብረ ማርያም ጸለዩ። ልቤ መለስ አለ። እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም! ወልደ ሚካኤል የሚባል ሰው ቤታችን ገብቶ አያውቅም። እንግዲያው የሞቱት ሌሎች ናቸው፤ እታለም ተሳስታ ነው የጮኸችው፤ ቄሱ ናቸው ያረሟት። በዚህ ተጽናንቼ የሰጡኝን ሽምብራ በላሁ።

እዚያው አደርን። በማግስቱ ስንወርድ የእታለም ፊት አብጦ ነበር፤ እንደ ሕፃን እየተደናቀፈች ነበር የምትሄደው። ቤት እንደገባች ራሷን እትዬ ብርቄ ላጨቻት። ነጠላዋንና ቀሚሷን ጥቁር ነከረችና ጓሮ አሰጣችው። ሳይደርቅ ለበሰችው።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ። እታለም መሬት ላይ ተቀምጣለች። አልተነሣችም። እትዬ ብርቄ ከምድጃው ጥግ ደርቃ ቀረች።

«ምንድን ነው ይሄ ከል?» አለ።

እታለም አየችው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ካሰርከኝ እሰረኝ። እኔ ደክሞኛል» አለችው።

ሰውየው በሩን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ካኪ ቆቡን አውልቆ ዝቅተኛ የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ከመንግሥት ለውጡ በፊት ከአያ ካሴ ጋር በቅሎ ይነዳ ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አሁን ግን ማንም አያነሣበትም። የሱም ልጅ በዚያ ዓመት ለወታደርነት ተወስዶ ነበር። ቆቡን በእጁ እያዞረ፣ ወደ መሬት እያየ፣ «ሰው ሲጠይቅሽ አክስቴ ሞተች በይ» አላት። «ደጋ ያለች አክስት። እኔም የማውቀው ይህን ነው።»

«አክስቴ» አለች እታለም።

«አክስትሽ። እግዜር ያጥናሽ።» ቆቡን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በየተራ ይመጣ ጀመር። አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ ጸጉር ልትጠይቅ፣ አንዱ ሽማግሌ መንገድ ጠፍቶት። እየገቡ ይቀመጣሉ። «አክስትሽን ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ለአክስት የሚሆን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ፣ «አክስትሽ ደግ ሰው ነበር» አሉና፣ ለአክስት «ነበር» ማለታቸው ሲታወቃቸው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

የእኔ ጭንቅላት ዞረ። መጀመሪያ የሞቱት አያ ካሴና አስሜ ናቸው ተባለ፤ ቀጥሎ ወልደ ሚካኤልና ገብረ ማርያም፤ አሁን ደግሞ አንዲት አይቻት የማላውቃት አክስት። ከሁሉ አክስቲቱን መረጥኩ። አላውቃት፣ አልወዳት፣ ብትሞት ምን ቸገረኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ግን ቤት አልገባም። የእህል መኪናዎች ከጎንደር መጥተው የሚቆሙበት ሄጄ እቀመጣለሁ። ከየመኪናው የሚወርደውን ሰው እግሩን አያለሁ። ከእታለም ጋር መነጋገር ተውኩ። ምግብ አልወርድልኝ አለ። አንገቴ ቀጠነ።

እትዬ ብርቄ ነች አይታ የነገረቻት። «ልጅቱን በሽታ ይዟታል፤ መኪና መቆሚያው ላይ ነው የምትውለው። ለእናቷ መልሻት፣ ሳታልቅብሽ።»

በማግስቱ ጠዋት እታለም ልብሴን በነጠላ ቋጥራ ይዛኝ ወጣች። መኪና መቆሚያው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ብርድ ነበር፤ ባናዋን ገልጣ አስገባችኝ። ሹፌሩ ጎማ ይፈትሻል። የት እንደምንሄድ አልነገረችኝም፤ ግን ገባኝ። መኪናው ወደ ጎንደር ነው የሚወርደው። ልናመጣቸው ነው! ከስንት ጊዜ በኋላ አናገርኳት።

«እታለም፣ ለእነ አያ ካሴ ስንቅ አልያዝንም እኮ።»

እጇ ጀርባዬ ላይ እንደነበረ ቆመ። ከባናው አወጣችኝና ከፊቷ አቆመችኝ።

«ትርንጎ፣ እኔን እዪኝ። ካሴ ሞቷል። አስሜም ሞቷል። ገድለዋቸዋል።»

«አክስት ናት የሞተችው።»

«አክስት የለችም።»

«ወልደ ሚካኤልና ገብረ ማርያም...»

«እነሱው ናቸው። ካህን የሚያውቃቸው በዚያ ስም ነው።»

ሌላ የምይዘው ፈለግሁ። «አይተሻቸዋል?»

«አላየሁም።»

«የት ነው የተቀበሩት?»

«አላውቅም። ማንም አልነገረኝም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ልጅ ነው፣ አስሜን የሚያህል» አለች። «ሁልጊዜ ስንቁን ሲቀበለኝ ያመናጭቀኛል። ያን ዕለት ግን ቅሉን መልሶ ሲሰጠኝ፣ እማማ አለኝ። ዓይኔን ማየት አቃተው። በዚያ አወቅሁ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አላለቀስሽም?» አልኳት። ጮኼ ነበር፤ ሹፌሩ ቀና አለ። «ያን ጊዜ ብታለቅሺ እኔም አውቅ ነበር! እኔ እኮ እዚህ ስጠብቃቸው ነው የከረምኩት!»

«አታልቅሺ ተባልኩ። ኋላ ደግሞ ብፈልገው ጠፋብኝ። አንቺን እንዳታውቂ አድርጌ የጠበቅሁሽ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ።»

አየኋት። የተላጨ ራሷ ላይ ጸጉሩ እንደ ገብስ ቃርሚያ ብቅ ብቅ ብሎ ነበር፣ ግማሹ ነጭ። እንደዚያ ትንሽ ሆና አይቻት አላውቅም። ያን ጊዜ ለቅሶው መጣብኝ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ አያ ካሴ አልኩ፣ አስሜ አልኩ፣ የሚባለውን የለቅሶ ቃል አላውቅ፣ ስማቸውን ብቻ ነበር የምጠራው። እታለም አላባበለችኝም፤ «በቃሽ» አላለችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። መንገደኛ ቆሞ ሲያይ፣ «ዘመድ ሞቶባት ነው፣ ተዋት» ትላለች።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። «እናንተ፣ ትሄዳላችሁ አትሄዱም?» አለ በመስኮት።

እታለም ወደ ቋጠሮው አየች። ወደ እኔ አየች።

«ሂድ ወንድሜ። እሷም የምትሄድ አይደለችም» አለችው።

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ወደ ዳባት መንገድ ወረደ። ድምፁ እስኪጠፋ ተቀመጥን። ሲቃው እየቀነሰ ሄዶ ስቅታ ብቻ ሲቀረኝ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ፤ ቀለሙ ገና አልረጋምና ጉንጬን ጥቁር አደረገው።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«አልጨረስኩም።»

«እኔም አልጨረስኩም» አለችና ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ቋጠሮውን አንሥታ ብብቷ ሥር ሻጠችው፤ ሌላ እጇን ለእኔ ዘረጋችልኝ። «ተነሺ፣ ብርዱ ይገድልሻል። የቀረውን ቤታችን ገብተን እናለቅሳለን።»